የማዳም የማንጎ ጭማቂ

ሐኪም «ተራመጂ» ሲለኝ ሳቄ ይመጣል። ሃያ ምናምን ዓመት በሰው ቤት ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ ጉልበቴ እስኪላላ መሬት ስፈገፍግ የኖርኩትን ሴትዮ፣ ዛሬ ስኳር ይዞሻልና በቀን ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ ይለኛል። ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሮላ በሚባል የገበያ ሠፈር ውስጥ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ያገኘችኝ ነርስም ይህንኑ ደገመችልኝ። የሕንድ ልጅ ናት፤ «ማማ» እያለች ነው የምትጠራኝ። ኪኒኑ አልበቃ ብሎኝ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እሷ ግን ትናንት የጀመርኩ ይመስል በጣቷ እየቆጠረች አስተማረችኝ። «መርፌና እርምጃ አንድ ላይ ሲሆኑ ስኳርሽን ቁልቁል ይዘውት ይወርዳሉ። ከመሄድሽ በፊት ተለኪ፤ ዝቅ ካለ ቀመስ አድርጊ። የምትራመጂ ከሆነ ጭንሽን አትውጊ፣ መድኃኒቱን ያፈጥነዋል፤ ሆድሽን ውጊ። ደግሞ ይሄ ከቦርሳሽ አይለይ» አለችና ከመሳቢያዋ አንዲት የማንጎ ጭማቂ ካርቶን አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቢጫ፣ ጎኗ ላይ ገለባ የተለጠፈባት፣ መዳፍ የማትሞላ ካርቶን። በዚህ ሁሉ ዘመን መልኳ እንኳ አልተለወጠም። አመስግኜ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ስደርስ ግን ካርቶኗን እያገላበጥኩ ቆምኩ። እንዲህ ያለችውን ካርቶን ለመጨረሻ ጊዜ የያዝኩት አጅማን፣ አል ጁርፍ፣ ማዳም ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው።

ወደ አውቶቡሱ መሄድ ሲገባኝ ወደ ድሮው ሠፈር ታጠፍኩ። ያን ጊዜ ዓርብ ዓርብ እረፍት የሚሰጠን ጥቂቶች ነበርን፤ ከአጅማን በአምስት ድርሃም በጋራ ታክሲ ተጠቅጥቀን ሮላ እንመጣለን። ከላይ ሁላችንም ጥቁር አባያ ነን፤ ሥሩ ግን እያንዳንዳችን የሳምንቱን ሥራ ያስረሳናል ያልነውን ለብሰናል፤ ጂንሱን፣ አብረቅራቂውን ሸሚዝ፣ ተረከዙ የሚያንገዳግደውን ጫማ። እዚህ ጥግ ላይ ፎቶ ቤት ነበር። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሣለበት መጋረጃ አለው፤ በአስር ድርሃም ሁለት ፎቶ ያነሳል። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችን ሁሉ ፏፏቴ ሥር የምንኖር ይመስላቸው ነበር። ከፎቶ ቤቱ ጀርባ አንድ የወሎ ሰው ሻንጣ ይሸጣል፤ ከሻንጣዎቹ መሃል የአማርኛ ካሴት አለው፤ ስንመጣ አንዱን ይከፍትልናል። ዘፋኙ ደብዳቤ ቀረብኝ እያለ ሲያንጎራጉር፣ ሻንጣ የምንገዛ መስለን ዚፑን እየከፈትን እየዘጋን ቆመን እናለቅሳለን። አሁን በፎቶ ቤቱ ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ወሎዬውም ሄዷል፤ ወይ አገሩ ገብቷል ወይ አፈር ቀምሷል፤ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም። አብራኝ ትሠራ የነበረችውን ሰዓዳን ፎቶ ያስነሳኋት እዚያ ፏፏቴ ሥር ነው። አባያዋን አውልቃ፣ ቢጫ ሸሚዟን ለብሳ፣ ቁመቷ ከፏፏቴው በልጦ ፎቶ አንሺው ጎንበስ በይ እያለ ሲለምናት ነበር።

ሰዓዳ የሐይቅ ልጅ ናት፣ የወሎ። ማዳም ቤት ስትቀጠር ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እኔ አርባን ተሻግሬ በዚያ ቤት ምግብ አብሳይ ሆኜ ዘጠኝ ዓመት ደፍኛለሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች፣ ሁለት አልጋ ሲገባባት በሯ አልከፈት በሚል ክፍል አብረን አደርን። በመጣች በሦስተኛው ቀን ሳላንኳኳ ብገባ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጭኗ ላይ መርፌ ሰክታ አገኘኋት። ሐሺሽ ነው ብዬ ጮህኩ።

«እትዬ አስካለ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ አይጩሁ! የስኳር ነው። ከአስራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ነው፤ ካልወጋሁት እሞታለሁ።»

«ታዲያ ለማዳም ለምን አልነገርሻትም?»

«ኤጀንሲው ነዋ! እንዳትናገሪ፣ በሽተኛ ነሽ ብለው በማግስቱ ይመልሱሻል አለኝ። አባቴ በሬውን ሸጦ እኮ ነው የላከኝ።»

የበሬው ነገር ሲነሳ በሩን ከውስጥ ዘጋሁት። እኔም ከደብረ ብርሃን የተላክሁት በእናቴ ላም ነው። መድኃኒቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ የማዳም ነው። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከአገር ቤት በመጣልኝ የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ በላስቲክ ጠቅልዬ ከማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ አስቀመጥኩላት። አንድ ጊዜ የማዳም ልጆች ያንን ቆርቆሮ ከፍተው ቤቱን ሙሉ በማስነጠስ አተራምሰውት ስለነበር፣ ከኔና ከሷ በቀር ደፍሮ የሚነካው አልነበረም። ሲያልቅባት ዓርብ ሮላ ሄደን፣ ከፎቶ ቤቱ ማዶ ካለች ፋርማሲ እንገዛለን፤ ከሽንኩርትና ከሻምፑ መሃል ሸጉጣ ታስገባዋለች።

ከዚያ ወዲያ እኔ እንደ እናት ሆንኩ፣ ወይም የሆንኩ መሰለኝ። ደረጃ በበዛበት ቀን ላብ ላብ ሲላት፣ እጇ ሲንቀጠቀጥ ገና ሳትነግረኝ አውቅባታለሁ፤ ስኳር የበዛበት ሻይ ቶሎ አጠጣታለሁ። ዓርብ ሥራ ስትፈታ ደግሞ ስኳሯ ሽቅብ ይወጣል፤ አፏ ይደርቃል፣ ውሃ ውሃ ይላታል። ያን ጊዜ ሮላን ከዳር ዳር ታስዞረኛለች፤ ከወርቅ ቤቶቹ እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው፣ ከመናኸሪያው እስከ አትክልት ተራው። እግሬ ሲዝል እቆጣለሁ። «ይሄ ሁሉ ዙረት ባል ፍለጋ ነው ወይ?» ስላት፣ «ባልማ ቁጭ ብሎም ይገኛል እትዬ፤ እኔ የማሳድደው ስኳሬን ነው» ብላ ትስቃለች። ስቃም አታበቃም፤ የፆም ቀን ሲሆን ሥጋ ቤት ፊት አቁማ «ሽታውስ ያስፈታል?» እያለች ታበሽቀኛለች። ሰውነቷን እንደ ገዛ ቤቷ ጓዳ ታውቀው ነበር፤ የቱ ሥራ ስንት እንደሚያወርድባት፣ የቱ ምግብ ስንት እንደሚያወጣባት። ያላወቀችው የማዳምን ቤት ሕግ ነው። እሱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

የፈጣሪ ነገር ሆኖ ማዳምም የስኳር በሽተኛ ነበረች፤ እሷም በመርፌ። ለእሷ ግን በየሳምንቱ ነርስ ቤቷ ድረስ ይመጣላታል። ሐኪሟ እርምጃ ስላዘዘላት በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሾፌሩ ኮርኒሽ ከሚሉት የአጅማን ባሕር ዳር መንገድ ያደርሳታል፤ ባሕሩን ይዛ አንድ ሰዓት ትሄዳለች። ነርሷ የእርምጃዋን ሕግ በትልልቅ የዓረብኛ ፊደል ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋላት ነበር። ሰዓዳ ቁርአን ቤት የተማረች ናትና ፊደሉን እያነበበች፣ ትርጉሙን ከልጆቹ እየጠየቀች ጨረሰችው፤ ሳትለኪ አትውጪ፣ ባዶ ሆድሽን አትሂጂ፣ ጣፋጭ ሳትይዢ አትሂጂ፣ ብቻሽን አትሂጂ። በሩ ላይ የማዳም ሕግ ተለጥፏል፤ ከበሩ ጀርባ፣ በበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ፣ የሰዓዳ መድኃኒት ተደብቋል። ያንን በር በቀን መቶ ጊዜ እከፍት እዘጋ ነበር፤ አንድም ቀን ቆም ብዬ አላሰብኩበትም።

«ብቻሽን አትሂጂ» ለሚለው ሰዓዳ ተመደበች። ከማዳም ሦስት እርምጃ ኋላ ሆና ቦርሳ ትይዛለች፤ በቦርሳው ውስጥ የማዳም መለኪያ፣ ሰባት ፍሬ ተምርና አንዲት የማንጎ ጭማቂ አለ። መጀመሪያ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። «ለኔም እኮ ሐኪም ያዘዘልኝ ነው፤ በነፃ፣ ያውም ባሕር ዳር!» ትለኝ ነበር። ስኳሯም አደብ ገዛላት፤ ፊቷ ጠራ። ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማታ ጠየቀችኝ።

«እትዬ፣ መንገድ ላይ ቢይዘኝ ከቦርሳው ልውሰድ?»

መልሴን ከመንገሬ በፊት ከሷ ቀድማ የነበረችውን ልጅ ላንሳ። ያቺ ልጅ የሕፃናቱን ቸኮሌት በላች ተብላ በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ኤጀንሲው ተመለሰች። አንዲት ቸኮሌት። «ዛሬ ቸኮሌት የወሰደች ነገ ወርቅ ትወስዳለች፤ ኸላስ፣ በቃ» አለች ማዳም። ከዚያ ወዲያ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የማስተምረው ትምህርት አንድ ብቻ ሆነ፤ ያልተሰጠሽን አትንኪ። እኔንም እናቴ ያሳደገችኝ በዚሁ ነው፤ የሰው ቤት ልካኝ ስመለስ እጄን ሳይሆን አፌን ታሸት የነበረች ሴት ናት። ስለዚህ ለሰዓዳ ሳላመነታ መለስኩላት፤ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ! ማዳም ተምሩን ቆጥራ ነው የምትሰጥሽ፣ ቆጥራ ነው የምትቀበልሽ። እንዳትነኪ!» በምትኩ ስኳር በላስቲክ ቋጠርኩላት፤ በዩኒፎርሟ ኪስ የምታደርገው። በዘዴዬ ኮራሁ። ሁለት ሦስት ጊዜም መንገድ ላይ ይዟት ከኪሷ ቃም ቃም አድርጋ ተመልሳለች፤ ማዳም ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

የማዳም እህት ልጅ የተመረቀች ቀን ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። ማዳም ለበዓሉ ብላ ለኛም አዲስ ዩኒፎርም አሰፍታ ነበር፤ ወይን ጠጅ፣ አንገትጌው ነጭ፣ ወገቡ ላይ ቅጥ ያለው። «አሁን ሰው መሰላችሁ» አለችን። እውነትም ሰዓዳ ላይ አምሮ ነበር። እሷ እንደ ልማዷ ከምሳ በፊት መርፌዋን ጭኗ ላይ ወጋች፤ ወጥ ቤት ጥግ ቁጭ ብላ ሩዟን ሁለቴ እንደጎረሰች «ሰዓዳ!» የሚል ጥሪ መጣ። ሳህን አድርሳ ተመለሰች፤ አንድ ጎርሳ እንደገና ተጠራች። ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ ከላይ ሴቶቹ፣ ከታች ወንዶቹ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶቹ ሲሸኙ ማዳም ዛሬ ጣፋጭ አብዝቻለሁ፣ እርምጃው አይቀርም አለች። እኔ እስከ ክርኔ ድስት ውስጥ ነበርኩ። ሰዓዳ ቦርሳውን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ አዲሱ ልብስ ኪስ የለውም።»

«ታዲያ አሁን ልስፋልሽ?»

«ስኳሩን በእጄ ብይዘው ማዳም ታያለች። ምሳም አልበላሁም እኮ…»

«ያላ ሰዓዳ!» አለች ማዳም ከግቢው። የመኪናው ሞተር ተነስቷል።

«እትዬ፣ ለዛሬ ብቻ፣ ከቦርሳው…»

«እንዳትነኪ ብዬሻለሁ! ስትመለሺ ትበያለሽ። ሂጂ አሁን፣ ሙሽኪላ አታምጪብኝ!»

ሄደች። ሳህኗ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቀርቷል፤ ሩዙ ከነዶሮው። ዝንብ እንዳያርፍበት ከደንኩት። ከደንኩት እንጂ አንድ ሙዝ እንኳ ይዤ ከመኪናው ኋላ አልሮጥኩም።

ኮርኒሹ ላይ የሆነውን የነገረኝ ሾፌሩ ነው፤ ሽማግሌ የፓኪስታን ሰው ነበር፣ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያያቸው ነበር። መጀመሪያ ሰዓዳ ወደ ኋላ ቀረች። ማዳም ፊቷን ሳታዞር «ያላ፣ ያላ» ትላለች። ከዚያ ሰዓዳ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። ማዳም ተመልሳ ብታናግራት የማይገናኝ ነገር መለሰችላት፤ ልብሷ በላብ ርሷል፣ ዓይኗ ፈጥጧል። ማዳም ወይ ደክሟታል ወይ ጂን ነክቷታል ብላ «አረፍ በይና ተከተይኝ» አለቻትና ዙሯን ልትጨርስ ሄደች። የታዘዘላት አንድ ሰዓት ገና አልሞላም ነበር። ስትመለስ ሰዓዳ በጎኗ ተጋድማለች፤ ቦርሳውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ሆስፒታል ሲደርሱ «ስኳር አለባት ወይ?» ተብላ ስትጠየቅ፣ ማዳም «የለባትም፣ ስኳሩ የኔ ነው» ብላ መለሰች። ሐኪሞቹ ግን ለኩት፤ ያለቀ ያህል ነበር። በደም ሥሯ ስኳር ሰጧት፤ ቁጥሩ ተመለሰ፣ ሰዓዳ ግን አልተመለሰችም። በስድስተኛው ቀን ሞተች። እዚያው አጅማን ቀበሯት።

በቀብሯ ዕለት ምሽት ማዳም ዓይኗ አብጦ ወጥ ቤት ገባችና ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። መለኪያው፣ ሰባቱ ተምር፣ ጭማቂዋ፤ ገለባዋ እንኳ ከጎኗ አልተላቀቀም። ያን ጊዜ የበርበሬውን ቆርቆሮ አውጥቼ ከፈትኩላት። ዘገየሁ፤ ግን ከፈትኩት። ማዳም ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው፤ ራሷ ከምትወጋው ጋር አንድ ዓይነት ነው። «ዋላሂ፣ ብትነግሩኝ ኖሮ በገዛ እጄ አጠጣት ነበር» ብላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አመንኳት። እስከ ዛሬም አምናታለሁ፤ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው። ግን የቸኮሌቷን ልጅ ያባረረችውም ይህችው ሴት ናት፤ ከሁለቱ የትኛዋ በሩን እንደምትከፍትልሽ በምን ታውቂያለሽ? ኋላ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሰዓዳን ነገር ታነሳ ጀመር፤ «አንዲት ተምር አልነካችም! እንደሷ ያለ ታማኝ አይቼ አላውቅም።» እንግዶቹ «ማሻአላህ» ይላሉ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ እሰማለሁ።

ጭማቂዋን መልሼ ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደርኳት። ሌላ ምን አደርጋታለሁ? በሳምንቱ ቦርሳ ተሸካሚዋ እኔ ሆንኩ፤ ኪስ የሌለውን ልብስ ለብሼ፣ ከማዳም ሦስት እርምጃ ኋላ፣ ያንን ወንበር እያየሁ አለፍኩ። ከክፍላችን በር ኋላ አሮጌው ዩኒፎርሟ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር። ኪሱ ውስጥ የቋጠርኩላት ስኳር አለ፤ የባሕሩ እርጥበት አጣብቆት ድንጋይ ሆኗል።

እናቷ ከሐይቅ በሰው ስልክ ደወለች። እንዴት ሞተች አላለችኝም፤ ማን ገደላትም አላለችኝም። «እቴዋ፣ ልጄ እህል ቀምሳ ነበር?» ብቻ ነው ያለችኝ።

«አዎ፣ ምሳዋን በልታ ነበር» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። ያቺ ሴት ዛሬም በሕይወት ካለች፣ ልጇ ጠግባ እንደሞተች ታምናለች።

እኔ ከማዳም ቤት ከወጣሁ ቆየሁ። አሁን ኢንተርናሽናል ሲቲ በሚባል ሠፈር ውስጥ ስድስት ሆነን በምንኖርበት ክፍል ቢድ ስፔስ፣ የአንድ አልጋ ቦታ ማለት ነው፣ ይዤ፣ በሰዓት እየተቀጠርኩ ቤት አጸዳለሁ። እዚያ ያሉት ልጆች ማታ ማታ ጆሯቸው ላይ ሙዚቃ ሰክተው፣ የስፖርት ጫማ አጥልቀው በሕንፃዎቹ መሃል ይሮጣሉ፤ ስንት እርምጃ እንደሄዱ ስልካቸው ይነግራቸዋል። ሳያቸው ምቀኝነት ይሁን ቁጣ እንጃ፣ መስኮቱን እዘጋዋለሁ። አንዷ ስኳር እንዳለባት ለሁላችንም በግልጽ ነግራናለች፤ መድኃኒቷ ማቀዝቀዣው በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ጎን ተቀምጧል። ሰዓዳ ግን ያንኑ መድኃኒት ከሰው ዓይን ለመሰወር ቆርቆሮ ከፍታ እየዘጋች፣ በበርበሬ እያስነጠሰች ኖረች።

ማክሰኞ ዕለት ይህን ሁሉ እያሰብኩ ሮላን ሁለቴ ዞሬያት ኖሯል። ጧት የወጋሁት ደግሞ ጭኔን ነበር፤ ነርሷ ከመንገሯ በፊት። አንድ የገንዘብ መላኪያ ሱቅ ጥግ ስደርስ ላቤ ጀርባዬን አረጠበው፣ የሱቁ ጽሑፍ ተደበላለቀብኝ። ካርቶኗ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለች አውቃለሁ። እጄን ከትቼ ያዝኳት፤ ማውጣት ግን አቃተኝ። ስኳር ሲወርድ ሐሳብ እንደሚጠፋ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ሰዓቱ ይጠፋብሻል፣ ያለሽበት አገር ይጠፋብሻል፤ የሚቀረው ቀድሞ አጥብቀው የነገሩሽ ነገር ብቻ ነው። «እንዳትነኪ!» ይለኛል አንድ ድምፅ፤ ሥራ በዝቶባት የተቆጣች ሴት ድምፅ። የኔው ድምፅ ነበር። ሰዓዳ ያንን ቦርሳ አቅፋ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ ማዳምን አልሰማችም፤ የሰማችው እኔን ነው።

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ገለባውን ለመሰካት ሦስት ጊዜ ሳትኩ፤ በአራተኛው ገባ፣ የማንጎው ሽታ ወጣ። ጠጣሁት። ገለባው አየር ስቦ እስኪንጫጫ ድረስ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መጠጥኩት። ሰዉ በአጠገቤ ያልፋል፣ አውቶቡሶቹ ይጮኻሉ። ማንም አልተቆጣኝም።